ማይፍላወር ሰው አልባ መርከብ፣ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻታለሁ

ሰው አልባ መርከብ ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ኤአዩ (አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ) ነው፣ እኔ ግን የማይፍላወርን የአትላንቲክ ሙከራ ገምግም ብባል ኮከብ የምቀንሰው ከጀነሬተሩ ነው 😄 ፕሮሜር የሚባል የባህር ምርምር ድርጅትና የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም የሰሯት 15 ሜትር ገደማ የምትሆን መርከብ ናት፣ አልጋ የለ ኪችን የለ ሽንት ቤት የለ፣ ካሜራና ራዳሩ ያዩትን ሰብስቦ በየት እንሂድ የሚለውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ሌላ ነው። በ2021 ጁን ላይ አትላንቲክን አቋርጣ አሜሪካ ልትገባ ከእንግሊዝ ፕሊመዝ ወጣችና ጥቂት ቀን ሄዳ ጀነሬተሩን ከጭስ ማውጫው የሚያገናኘው ብረት ተሰብሮ ተመለሰች። በቃ አንድ ብረት! በ2022 ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ጀነሬተሩ አስቸግሮ አትላንቲክ መሃል ያሉት አዞረስ ደሴቶች ጎራ አለች፣ እሱ ተሰራ ሲባል ደሞ የጀነሬተሩ ማስነሻ ባትሪ ቻርጅ አላደርግ ብሎ አሜሪካ ትገባለች ስንል ካናዳ ሃሊፋክስ ገባች፣ ማሳቹሴትስ የደረሰችው በስንት መከራ ጁን መጨረሻ ላይ ነው።

እና ይሄ ሁሉ አንድ መካኒክ ተሳፍሮ ቢሆን እጁን ግሪስ አስነክቶ እዛው የሚገላገለው ስራ ነው። ሶፍትዌሩን ከቢሮ ሆነህ ታስተካክላለህ፣ ባህር መሃል የተሰበረ ብረት ማን ይቀይርልሃል?

ድረገጿ ግን አሪፍ ነበር፣ ላይቭ ካሜራ ነበረው፣ አርቲ የምትባል ኦክቶፐስ ቻትቦትም ጥያቄ ትመልስ ነበር (ለልጆች መሰለኝ)።

ለባህር ምርምር ትሁን፣ ጭነት ግን ሁለተኛ ጀነሬተር ካልተገጠመላት በሷ አልክም።