ሮም ለምትሄዱ፦ «ሰላም ሐበሻ!» እያለ የሚጠራችሁ ምግብ ቤት እንዳትገቡ

ይህን የምጽፈው ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ነገ ወደ ፍራንክፈርት እንመለሳለን። እዚያ ከደረስኩ ሥራውም ልጆቹም ይዘውኝ ሳልጽፈው ይቀራል። ትምህርት ተዘጋ ብሎ ለሮም ትኬት የቆረጠ ሐበሻ ደግሞ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አሁኑኑ ስሙኝ።

ቀኑ እስከ ምሳ ድረስ ግሩም ነበር። ጠዋት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን የዶጋሊ ሐውልት አየን። እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሱት የጣሊያን ጦር መታሰቢያ የቆመ ነው። ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የተባለው በእነዚሁ ወታደሮች ነው። ከዚያ ኮሎሲየምን አይተን በእግራችን ወደ ፖርታ ካፔና ወረድን። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት የባለቤቴ የቆየ ምኞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገራችን ተወስዶ በ2003 እስኪነቀልና በ2005 ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የቆመው እዚያ ነበር፤ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚሠራበት ትልቅ ሕንጻ ፊት ለፊት። ያ ሕንጻ ራሱ መሠረቱ የተጣለው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነው። አሁን መኪና ይተራመስበታል። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። ለአገር እንዲህ ሆድ በባሰን ቀን ነው አንድ ሰው በሰው አገር በአማርኛ «ሰላም!» ያለን።

ፓንቴዎን አካባቢ፣ ወደ ፒያሳ ናቮና በሚወስዱት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ ነው። የሰውየውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሜኑ በብብቱ ይዞ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚጎትት። መልክ አይቶ አገር ይገምታል። እኛን እንዳየ «ሰላም! ሐበሻ? ቆንጆ!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ።

ረቡዕ ነው፤ እንጾማለን። የሮም ፓስታ ደግሞ ወይ አይብ፣ ወይ እንቁላል፣ ወይ የአሳማ ሥጋ አያጣውም። ይህን ስንነግረው «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ዓሣ!» ብሎ በትሪ ጥሬ ስፒጎላ፣ የባሕር ዓሣ ነው፣ ይዞ መጣ። ሜኑው ላይ በጣቱ 9 ዩሮ የሚለውን አሳየን። ጣቱ የት ላይ እንዳረፈ አሁን ነው የገባኝ። ከ9 ቀጥሎ «በ100 ግራም» የሚለው በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በማይነበብ ፊደል ተጽፏል፤ ጣቱ በትክክል እሱን ሸፍኖ ነበር። «ለሁለታችሁ አንድ ይበቃል» አለ። እናት እንኳ እንደዚያ አትጠነቀቅም።

ዓሣው ተጠብሶ ሲመጣ አጥንቱም ጭንቅላቱም አልነበረም። ከመዳፌ የማይበልጡ ሁለት ቁራጮች፣ ከሎሚ ጋር። ባለቤቴ የሐዋሳ ልጅ ነው። አሞራ ገደል ቆሮሶ ሲገፈፍ እያየ ነው ያደገው። ሳህኑን አየት አድርጎ «ያሳየን ዓሣ ይህ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። ቀናችንን ላለማበላሸት ዝም ብለን በላን።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ። የታተመ ደረሰኝ አይደለም፤ በእስክሪብቶ የተጫጫረ ብጣሽ ወረቀት። ስፒጎላ 1.4 ኪሎ፣ 126 ዩሮ። ዳቦ 10። ውሃ 14። የተጠበሰ አትክልት 12። አገልግሎት 15 በመቶ፣ 24.30። ድምር 186.30 ዩሮ። ለሁለት ሰው ምሳ! ያውም ያለ ወይን።

ባለቤቴ አልጮኸም። «ይህ ዓሣ ኪሎም አይሞላም። መዝናችሁት ከሆነ ሚዛኑን አሳዩን» አለ በእንግሊዝኛ፣ በትህትና። ያ «ሰላም» ያለን ሰው ፈገግታው ከፊቱ ላይ ድራሹ ጠፋ። «በልታችሁታል እኮ፤ ምኑን ልመዝን?» አለ። ባንኮኒው ጋ ወደቆመው ጓደኛው ዞር ብሎ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ወረወረ። ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኛ ተመልሶ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየረገጠ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ፣ «እናንተ አገር ዓሣ የለም መሰለኝ» አለ።

ዓሣ የለም! ይህን የሚለው ሐይቅ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ነው። ባለቤቴ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከጠረጴዛው ሥር ያዝኩት።

ፖሊስ ይጠራ አልን። «ጥሩ፣ ጥሩ። ሜኑው ላይ ተጽፏል» አለ፤ ምንም አልመሰለውም። በካርድ እንክፈል ስንል ማሽኑ ተበላሽቷል አለ። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ግን እኛ እየበላን በካርድ ከፍለው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ጣሊያን ሕግ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ካርድ አልቀበልም ያለ ነጋዴ ይቀጣል። ያን ሰዓት ማን ይህን ያስታውሳል?

ከሁሉም የቆረጠኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ባለቤቴ ገንዘብ ለማውጣት ሲነሳ፣ አብሬው ተነሳሁ። ሰውየው እጁን ፊቴ ዘረጋ። «እሱ ይሂድ። እሷ እዚህ ትቆይ።» እኔን መያዣ አደረገኝ! ባለቤቴ በዚያ ፀሐይ ኤቲኤም ፍለጋ ሮጠ። እኔ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሳህኑን አነሱ፣ ብርጭቆውን አነሱ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሳይቀር ገፈፉት። ባዶ እንጨት ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ቀረሁ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። ደጃፉ ላይ ያው ሰው፣ ያው እጁ ደረቱ ላይ፣ ለሕንድ ቤተሰብ «ናማስቴ!» ይላል። ተነስቼ ልነግራቸው ፈለግኩ። ገቡ።

ባለቤቴ በላብ ተጠምቆ መጣ። ከፈልን። ደረሰኝ ስንጠይቅ ያንኑ ብጣሽ ወረቀት መለሱልን። የቀረውን ቀን ፏፏቴም አላየን፣ አደባባይም አላየን። ሆቴል ገብተን ተኛን።

ማታ ስለጉዳዩ ሳነብ እንዲህ ዓይነት ነገር ሮም ውስጥ ብርቅ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በካስቴል ሳንታንጄሎ አካባቢ ሁለት የጃፓን ጎብኚዎች ለሁለት ሳህን የባሕር ምግብ ስፓጌቲና ለውሃ 429 ዩሮ ተጠይቀው የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ከዚያ ውስጥ 80ው ጉርሻ ተብሎ የተደመረ ነው። ደግሞም ሮም ያለችበት የላዚዮ ክልል ለመቀመጫ ማስከፈልን፣ እነሱ «ኮፔርቶ» የሚሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሏል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ቤት «ዳቦ» ብሎ የሚጽፈው። ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ሳትነኩት መልሱት።

ዓሣ ካዘዛችሁ ሳይጠበስ በፊት ዓይናችሁ እያየ ይመዘን፤ ዋጋውንም በድምሩ ጠይቁ። ሜኑ ላይ «ኤቶ» የሚል ካያችሁ 100 ግራም ማለት ነው። ሜኑውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስትከፍሉ «ስኮንትሪኖ» በሉ፤ የታተመውን ሕጋዊ ደረሰኝ ማለት ነው። እምቢ ካሉ የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስ ስልክ 117 ነው። እኔም ብጣሹን ወረቀት ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ አየር ማረፊያ ሳንሄድ እደውልላቸዋለሁ።