ለእማዬ በረንዳ የደረሰላት ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ ካሰብኩት ቆይቷል። ዛሬ ነገ ስል ሁዳዴው ተጋመሰ። ለፋሲካ ግቢውን ማሰማመር የሚፈልግ ሁሉ አሁን ባለሙያ ፍለጋ ስለሚወጣ ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው። በረንዳ ወይም ግቢ ለማሠራት ያሰባችሁ እስከ ታች አንብቡልኝ። ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ላመሰግነውም ነው። ፊት ለፊት ሳመሰግነው "እሺ፣ እሺ" እያለ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል እንጂ አያስጨርሰኝም።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። "ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳታወጪው" ብሎ ለምኖኛል። ፌስቡክ የለውም። ቲክቶክ የለውም። የሠራውን ሥራ ፎቶ አንስቶ እንኳ አያውቅም። እኛ ቤት "የቀርከሃው ሰውዬ" ነው የምንለው። አገሩ አዊ ነው፣ እንጅባራ አካባቢ። እዚያ ቀርከሃ በየጓሮው ነው፣ እሱም ሥራውን የተማረው ከአባቱ ነው።

ቤታችን ኮተቤ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ የሠራው ቤት ነው። የዚያን ዘመን የማኅበር ቤት የምታውቁ በረንዳውንም ታውቁታላችሁ። ደረጃ፣ ሊሾ፣ ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ጌጥ የለው፣ ምን የለው። ግን ኑሯችን እዚያ ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ አዲስ ዘመኑን ይዞ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ምስር የሚለቀመው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ቡና የሚፈላው እዚያ ነው። እማዬ የአበባ ማሰሮ ገዝታ አታውቅም። የወተት ጣሳ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ጆሮው የተሰበረ ድስት፣ ያገኘችው ነገር ውስጥ ሁሉ አንድ ነገር ትተክላለች። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ የጥብስ ቅጠል። ሰፈር ውስጥ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ የሚለምነው እሷን ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ ከሳሎን መውጣት ተወች። ጉልበቷም እምቢ አላት። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን። ልጆቿ ተሰበሰብንና "በረንዳውን እናሳምርላት፣ ትውጣ" አልን። መከራችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያገኘነው "ዲኮር እንሠራለን" ከሚሉት አንዱን ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ። ስልኩ ውስጥ የሌለ ፎቶ የለም። የዱባይ ቪላ፣ የቱርክ ሆቴል፣ መዋኛ ገንዳ ዳር የተዘረጋ ሶፋ። ከተማችን ውስጥ በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ አበባና መብራት የሰው ዓይን ስለገባ ነው መሰለኝ፣ ትናንት መጋረጃ ይሰቅል የነበረው ሁሉ ዛሬ የውጪ ዲዛይነር ሆኗል። ይሄኛውም መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ሊሾው ላይ አርቲፊሻል ሳር አነጠፈ። ፓሌት፣ ያንን የዕቃ መጫኛ እንጨት፣ ነጭ ቀለም ቀባና ወንበር ነው አለን። ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ቅጠል ሰቀለ። ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

እማዬ ሳሩን በእግሯ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። "ይሄ የማይደርቅ ከሆነ ታዲያ በዓል መሆኑ በምን ይታወቃል?" አለች። እውነቷን ነው። ቄጠማ ሁልጊዜ መሬት ላይ ካለ ምኑን ቄጠማ ሆነ?

ቆይ፣ የባሰው ገና ነው። ሰውየው "ቦታው ይጽዳ" ብሎ የእማዬን ጣሳዎች በሙሉ ለቆራሌው ሰጥቷቸዋል። ከነተክሉ! እኔ ሥራ ነበርኩ። ማታ ስመለስ እማዬ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። አልተቆጣችም። "ጤና አዳሙ የአባትሽ ነበር" ብቻ አለችኝ። አባቴ ቡናውን ያለ ጤና አዳም አይጠጣም ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ቤት ገብተህ የሰው ነገር ስትጥል "ይጣል ወይ?" አይባልም?

ከዚያ ክረምት ገባ። የአዲስ አበባን ሐምሌና ነሐሴ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሳሩ ሥር ውሃ ተኛ። ሸተተ። ውሃው በበሩ ሥር እየተሳበ የሳሎኑን ምንጣፍ አራሰው። ፓሌቱ ሻገተ፣ ሚስማሩ ዛገ። ብንደውል "የዝናብ ጉዳይ እኔን አይመለከትም" ተባልን። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ፀሐዩ ተተካ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ሳሩ በአንድ ጎኑ ነጣ፣ የፕላስቲኩ ቅጠል ሲነኩት ይፈረፈር ጀመር።

ሁለተኛው አናጢ ነኝ ያለ ነው። ጥላ ሊሠራልን ተስማማን፣ ቀብድ ተቀበለ። "እንጨት ልገዛ መርካቶ ነኝ" አለን። መርካቶ እንደሄደ ቀረ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ጉልበት አላባክንም።

የቀርከሃውን ሰውዬ የጠቆመን የጎረቤታችን ዘበኛ ነው። ሲመጣ አንድ ሜትር፣ አንድ መጋዝና አንድ ገጀራ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል። ካታሎግ የለ፣ ፎቶ የለ። ሰላም ብሎን ገና ሳይቀመጥ "ውሃ በጆግ ትሰጪኛለሽ?" አለኝ። የጠማው መስሎኝ ብርጭቆ ጨምሬ አመጣሁለት። ጆጉን ተቀበለኝ፣ ሳሩን በአንድ ጥግ ገለጠና ሊሾው ላይ ደፋው።

ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ያየው ጀመር። ውሃው ትንሽ ቆመ። ተሰበሰበ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሳሎኑ በር ጉዞ ጀመረ። "አየሽው? ቤት ሊገባ ነው" አለኝ። ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ከሰል አነሳና ውሃው በሄደበት መስመር አሰመረ። ሁለተኛ ጆግ አስመጣኝ፣ ከሌላው ጥግ ደፋው። እንደገና አየ። ቀና ብሎ አሸንዳውን አየ። አሸንዳው በአንድ በኩል ተቀዶ የጣራው ውሃ ሁሉ በረንዳው ላይ ነበር የሚወርደው። ለካ! "ውሃው መጀመሪያ ይውጣ። ውበቱ ይደርሳል" አለ።

ከእሱ በፊት የመጡት ሁሉ ያዩት የነበረው ግድግዳውን ነው። መሬቱን ዝቅ ብሎ ያየ አንድም አልነበረም።

ሊሾውን እንዴት እንዳስተካከለው አትጠይቁኝ። ግንበኛ ጓደኛውን አመጣ። "ውሃ ልክ"፣ "ተዳፋት" እያሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፣ ገብቶኝ ግን አይደለም። ባለፈው የበልጉ ዝናብ ድንገት ሲያወርደው ሮጬ ሳሎኑን አየሁ። ጠብታ የለም። ውሃው በጎን በኩል ባወጣለት ቦይ ወደ ጽጌረዳው ሄዷል። ለእኔ ይሄ በቂ ነው።

ስለ ቀርከሃው ደግሞ ብዙ አስተምሮኛል፣ ግማሹን ረስቼዋለሁ። አገራችን የራሷ የሆኑ 2 ዓይነት ቀርከሃዎች አሏት አለኝ። የደጋውና የቆላው። የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፣ ተሰንጥቆ ለሽመና ይመቻል። የቆላው፣ ያ ከቤኒሻንጉል በኩል የሚመጣው፣ ድፍንና ጠንካራ ነው። እሱ ምሰሶና እግር የሚያደርገው የቆላውን ነው፣ ጥላውን የሸመነው በደጋው ነው። ሲገዛ እያንዳንዱን በጣቱ ያንኳኳዋል። 3 ዓመት ያልሞላውን ነቀዝ ይወደዋል፣ በበጋ የተቆረጠው ይሻላል ይላል። ከዚያ በሆነ መድኃኒት ነከረው፣ በምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ቫርኒሽ መቀባት አለበት፣ ይህቺን አልረሳኋትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ሥራውን በጀመረ ሰሞን እማዬን "እማማ፣ እዚህ ሲቀመጡ ፊትዎን ወዴት ማድረግ ይወዳሉ?" ብሎ ጠየቃት። እኛ ልጆቿ እንኳ ጠይቀናት አናውቅም። እማዬ "ወደ በሩ ነዋ! ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ሳላይ?" አለችው። ሳቀ። ከዚያ ቡና ላይ ወሬ ወሬን አነሳና የጣሳዎቹን ነገር ነገረችው። ስለ አባቴ ጤና አዳምም ነገረችው። አዳመጣት እንጂ ምንም አላለም።

በማግስቱ ሲመጣ በብብቱ አንድ የወተት ጣሳ ይዟል። ጤና አዳም ተተክሎበታል። "አከራዬን ለምኜ ነው፣ እሳቸው ግቢ ሞልቷል" አለ። እማዬ ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አድርጋ አሸተተችው። "አንተ ልጅ፣ ምን ላድርግህ?" አለችው። እሱ ወዲያው ወደ ሥራው።

"እስቲ እማማ፣ ይቁሙልኝ። ጆጉን ይያዙ። ውሃ ሲያጠጡ እጅዎ ሳይደክም እስከ የት ይደርሳል?" እማዬ ባዶውን ጆግ ይዛ እጇን ዘረጋች። ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረገ። ትንሽ አሰበ። "አሁን ደግሞ ውሃ እንሙላበት" አለ። ሞላሁት። እማዬ ስታነሳው እጇ ዝቅ አለ፣ ከመጀመሪያው ምልክት በአንድ ስንዝር ያህል። የመጀመሪያውን ምልክት በመዳፉ አጠፋውና አዲሱን አሰመረ። የላይኛውን መደርደሪያ እዚያ ላይ ሠራው። የታችኛውን ደግሞ ጎንበስ ሳትል በምትደርስበት። ከዚያ በታች ምንም የለም።

ስንቱ ባለሙያ ነው ባዶ ጆግና ሙሉ ጆግ አንድ እንዳልሆነ የሚያስበው?

መቀመጫውንም እንደዚያው። ተቀምጣ ተነሳችለት፣ ከጉልበቷ ለካ፣ ስትነሳ የምትመረኮዝበትን ክንድ ወፍራም አደረገላት። አሁን ማንንም ሳትጠራ ትነሳለች። አዲስ የሴራሚክ ማሰሮዎች እንግዛ ብንለው "ለምን? ብር በዛባችሁ?" ብሎ ታናሽ ወንድሜን ይዞት ምን አለሽ ተራ ሄደ። ለሁለት የተቆረጡ በርሜሎች፣ የድሮ ጣሳዎች፣ የልብስ ስፌት መኪና የብረት እግር ይዘው መጡ። የመኪናው እግር ዛሬ የቡና ዕቃው ጠረጴዛ ነው። እንግዳ ሁሉ "ከየት ገዛችሁት?" የሚለው እሱን ነው። ዕቃ ተገዝቶ የተረፈውን ብር ደግሞ በወረቀት ጽፎ መለሰ። እኔ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅኩትም ነበር።

አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ በቪዲዮ ስናሳየው መጀመሪያ ያለው "የዚያን የፕላስቲክ ሳር ብር የላክሁት እኔ ነኝ፣ ባላስታውሰው ይሻለኛል" ነው። ቀጥሎ እማዬን ለማየት ስልኩን ብናዞርላት "ቆይ፣ ጎረቤት መጥቷል" ብላ ዘጋችበት። ሳሎን ተቀምጣ ስልክ ስትጠብቅ የምትውለዋ እማዬ! አሁን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ቡናው እዚያ ነው። ቴሌቪዥኑን የምንከፍተው እኛ ነን። ሰፈርተኛው ደግሞ ዳማከሴ መለመን ጀምሯል። ችግኙ ገና ነው፣ ትንሽ ይጠንክር ብትባልም ትሰጣለች፣ አትሰማም።

እና እባካችሁ፣ በረንዳ፣ ግቢ፣ የጣራ ላይ ቦታ የምታሠሩ ሁሉ ይህን ሰው አሠሩት። ደግሜ እላለሁ፣ አሠሩት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም ብትሆኑ ለጠባብ በረንዳ የሚሆን ነገር ያውቃል። አዛውንት ወላጅ ቤት ያላችሁ ደግሞ በተለይ። ዋጋውን የማልጽፈው የሲሚንቶውም የቀርከሃውም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ነው። የእጅ ዋጋው ግን ከእነዚያ ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም። ቀብድም አይጠይቅም። ዕቃውን አብራችሁት ሄዳችሁ ትገዛላችሁ፣ የእጁን ሥራው ሲያልቅ ትከፍሉታላችሁ።

ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ፈጣን አይደለም። ሳይለካ አይቆርጥም፣ ስታጣድፉት ዝም ብሎ ያያችኋል። ሁለተኛ፣ የመሬት ሥራ ያለበትን ክረምት ከገባ አይነካውም። ስለዚህ ሊሾ የሚስተካከልላችሁ ካለ ሰኔ ሳይደርስ ነው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት የኮተቤዋ እማማ ልጅ ናት የላከችኝ በሉት። ሲመጣ ቡና አፍሉለት፣ ስኳር አይወድም። ደግሞ "ለፋሲካ ይድረስልኝ" ብላችሁ በጸሎተ ሐሙስ እንዳትደውሉለት፣ ያን ቀን ስልኩን ያጠፋል።