ሁለተኛ ባትሪ ልታስገጥሙ ከሆነ የሪሌውን ሳጥን አስከፍታችሁ እዩ

መኪናችሁ ላይ ሁለተኛ ባትሪ ለማስገጠም ያሰባችሁ ሁሉ፣ በተለይ እንግዳ ይዛችሁ አፋር የምትወርዱ የአስጎብኚ ድርጅት ሾፌሮች፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከሱቁ ተሰድቤ የወጣሁት ዛሬ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሱቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ እንደሱ ያለ ሞልቷል። ባትሪ በር ላይ ተደርድሯል፣ አንዱ ልጅ ወንበር አቅርቦ «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» ይላል፣ ሌላው ሻይ ያስመጣል፣ ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «የእኛ ሥራ ዋስትና አለው» ይላል። እኔም የምፈልገውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ላንድክሩዘሬ የምግብና የውሃ መኪና ናት፤ ካምፕ ላይ ቆማ ፍሪጅ ታሠራለች። ስለዚህ ሁለተኛው ባትሪ ለፍሪጁ ብቻ ይሁን፣ ዋናው ባትሪ ሞተር ከማስነሳት በቀር ለምንም አይዋል፣ ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት ግን ዲናሞው ሁለቱንም ይሙላ አልኳቸው። ይህን የሚያደርገው በሁለቱ መካከል የሚገባው ሪሌ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ቮልቱ 13.3 አካባቢ ሲደርስ ባትሪዎቹን ያገናኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቱ ሲወርድ ይለያያቸዋል። «አለን፣ ኦሪጅናል ነው» አሉኝ። ከባትሪው ዋጋ ሌላ ለሪሌው ብቻ 14,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ሥራው ሲያልቅ ልጁ ሞተሩን አስነስቶ ቴስተሩን ዋናው ባትሪ ላይ አደረገ። «ይመልከቱ ጋሼ፣ 14.2።» ወደ ሁለተኛው አዞረው። «ይኸውና፣ ይሄም 14.2። ሁለቱም እየሞሉ ነው።» ኮፈኖው ሥር የታሰረችው ጥቁር ሳጥን ላይ አረንጓዴ መብራት በርታለች። ሞተሩን ሲያጠፋው መብራቷም ጠፋች። «አዩ? አሁን ለያየ ማለት ነው» አለና እጄን ጨብጦ ሸኘኝ።

ሐመድ ኤላ ስንደርስ እንግዶቹ በሌሎቹ መኪኖች ወደ ዳሎል ሄዱ፣ የእኔ መኪና ከምግቡ ጋር ካምፕ ቀረች። በዚያ ሙቀት ፍሪጅ አያርፍም። 4 አምፔር ያህል እየሳበ ቀንና ሌሊት ከሠራ 70 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንድ ቀን እንኳ እንደማይቆይለት አውቃለሁ። ቢጨርስ ይጨርስ፤ ፍሪጁ ሲቆም በዋናው ባትሪ ሞተሩን አስነስቼ እሞላዋለሁ ብዬ ነው። ሪሌ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ፍሪጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሌሊቱንም ቀጠለ።

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው ቋ ብሎ ዝም አለ። ቴስተር ተዋስኩ። ሁለተኛው ባትሪ 11.3። ይህስ ይሁን፣ ፍሪጅ ሲጎትተው ያደረ ነው። ዋናውን ለካሁ፤ እሱም 11.3። ከእኔ ጋር የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቁጥሮቹን አይቶ ምንም ሳይናገር የሳጥኗን ብሎኖች ይፈታ ጀመር። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ባዶ ነው። ሪሌ የሚባል ነገር የለም። ከሁለቱ ባትሪዎች የመጡት ወፍራም ገመዶች ጫፍ ለጫፍ በአንድ ብሎን ታስረው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። አረንጓዴዋ መብራት ደግሞ ከቁልፉ መስመር በተጠለፈች ቀጭን ሽቦ የምትበራ ናት፤ ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። ማንም ሰው ተሳስቶ ይህን አይሠራም። ልጁ ያቺን መብራት የገጠማት እኔን ለማታለል ነው፤ ቁጭ ብሎ አስቦበታል።

ያ ሁለት ጊዜ ያሳየኝ 14.2ም ምንም ማረጋገጫ አልነበረም። በገመድ በቀጥታ የተሳሰሩ ባትሪዎች ሞተር ሲነሳ ያንኑ ቁጥር ነው የሚያሳዩት።

መኪናዋን ከሌላ መኪና ባትሪ ገመድ ጎትተን አስነሳናት። ሥጋው ተበላሽቶ ተጣለ፣ እንግዶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁን። እንዲያ ተሟጦ ያደረ ባትሪ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ እንደማይመለስም ታውቃላችሁ። ከሁሉ በላይ ደሜን ያፈላው ግን በዚያ ሁሉ ገመድ ላይ አንድ ፊውዝ እንኳ አለመኖሩ ነው። ገመዱ መንገድ ላይ ተፍቆ የመኪናውን ብረት ቢነካ ኖሮ መኪናዋ ከነሰዎቹ ትቃጠል ነበር።

ዛሬ ሳጥኗን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ያ «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» ያለኝ ልጅ ስልኩን ከመነካካት ቀና ሳይል «ምን ፈለግህ?» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፈትኩለት። «ፍሪጅህን ማጥፋት ነበረብሃ፤ እኛ ምን እናድርግህ?» ባለቤቱ ሳጥኗን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ «ይሄ የእኛ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ? ደረሰኝህ ላይ ሪሌ የሚል ታያለህ?» አለ። ደረሰኙን አወጣሁት። «የባትሪና የገጠማ ዋጋ» ይላል። ያ ሁሉ ብር በዚህች መስመር ውስጥ ተቀብሯል። ከዚያ ለሚቀጥለው ደንበኛ ወንበር እንዲመጣ አዘዘ፤ እኔ በቆምኩበት። ሰውየው ሲቀመጥ ያው ሻይ መጣለት። እዚያው ሱቅ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳጥኗን ከፍቼ አሳየሁት፤ ተነስቶ ወጣ። ተከትለው በር ድረስ እየሰደቡ ሸኙኝ።

ሌላው ቀርቶ ይህን አድርጉ። ሪሌው ከመታሰሩ በፊት በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፣ ስሙና ዋጋው ደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ደረሰኝ የመቀበል መብታችሁ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ ነው። ሞተር እየሠራ የሚያሳዩዋችሁን ቁጥር አትመኑ። ሞተሩን አስጠፍታችሁ ፍሪጁን ወይም ሌላ መብራት በሁለተኛው ባትሪ ለአንድ ሰዓት ያህል አሠሩና ሁለቱንም ለኩ። የሁለተኛው እየወረደ ዋናው 12.6 አካባቢ ከቆመ ሪሌው አለ፤ ሁለቱ እኩል ከወረዱ የለም። በሁለቱም ባትሪዎች ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ መኖሩን እዩ። ከዚህ በፊት ያስገጠማችሁም ብትሆኑ ለጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት ሳጥኑን ክፈቱት፤ አራት ብሎን ነው።