ደብረ ብርሃን፦ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን እንዴት አየሁት?

እናቴ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደብረ ብርሃን አንድ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ነበር። ነርሶቹን እግዜር ይስጣቸው! አንገቷ ላይ ባለው ደም ሥር የገባውን ቱቦ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በአልኮል ያሻሉ፣ ጫፉንም በደንብ ይጠርጉታል። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ወደ ደም ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይኼ ቱቦ ነው። አንቲባዮቲክ ሲበዛም ፈንገሱ ይበረታል።

ሐኪሙን «ፈንገሱ አጠገቧ የተኛውን ሕመምተኛ ሲይዘው እሷን ለምን ተዋት?» አልኩት። ሥራ በዝቶበት እንኳ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የዘር ጉዳይም አለበት፤ ሰውነት ጀርም የሚለይበት ቲኤልአር1 የተባለ ጂን ላይ ያለ ልዩነት አንዳንዱን ይበልጥ ያጋልጣል። «ግን ጂን መርምረን አይደለም የምናክመው» አለኝ።

የመንዝ ባናችንን አላስገቡም። ይሁን፣ ለንጽሕና ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ግን አንድ ስስ ብርድ ልብስ አይበቃም፤ ይጨመርላቸው።