ልጄን ላመነችው የዓይን ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ሙሉ ሳስብ ቆየሁ። ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳያወርድ «እማ፣ ሰሌዳው ከኋላ ወንበር ተነበበልኝ» አለኝ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል። አቧራ ሲነሳ በጡጫው ሲፈትግ ይውላል። «አለርጂ ነው» ብለን ለምደነው ነበር። ከዓመት ተኩል በፊት ግን ነገሩ ተለወጠ። አንዱ መብራት ሦስት ሆኖ ይታየኛል ይላል። ማታ ከደሴ ስንመለስ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ የመኪናው መብራት ሁሉ ጭራ አውጥቶ ይበተንበታል።

ያልዞርንበት የለም። አንድ ቦታ መነጽር አሠራን፣ በአራት ወሩ አልሆነውም። ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ሰጡን፣ እሱም አልሆነም። በዓመት ተኩል አራት መነጽር! አራቱም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፣ ሳያቸው ያንገበግበኛል። አንዱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ጠብታ ጽፎ ሸኘን። ሌላው ደግሞ፣ ይሄንን መቼም አልረሳውም፣ ልጁ ፊት «ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ ትምህርት ሰልችቶት ነው። ስልኩን ይቀሙት» አለኝ። እኔም ቤት ስገባ ቀማሁት። ልጄ አልተከራከረኝም። «እሺ እማ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አመመኝ ማለቱን ተወ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አባቱ ዱዓ አስደረገለት። ጎረቤቴ ጸበል አመጣችለት። ይቺው ጎረቤቴ ናት «የዓይን ነገር ከሆነ ቦሩ ሜዳ እያለላችሁ ምን ያንከራትታችኋል?» ያለችኝ። ወሎ ላደገ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አዲስ ነገር አይደለም። የመነጽር ነገር ነው ሲሉኝ ጊዜ ረስቼው ነው። በማለዳ ደሴ ገባን፣ ከደሴ ሌላ መኪና ይዘን ደረስን። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልዋሽም።

እዚያ ነው ያገኘኋት። ወጣት ናት። «ዶክተር» ብላት «ዶክተር አይደለሁም፣ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ» አለችኝ፤ እይታ የምትመረምር ባለሙያ ማለት ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። ሌላ ታካሚ ልትጠራ ስትወጣ ልጄ ወረፋ ላይ ዓይኑን ሲፈትግ አይታው ኖሯል። ተራችን ሲደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ወንድሜ፣ በቀን ስንቴ ነው እንደዚያ የምታሸው?» የሚል ነበር። ቀጥላ ወደ ታች እንዲያይ አደረገችውና ከኋላው ቆማ በአናቱ በኩል አየችው። «እናቴ፣ እርስዎም ይምጡ ይዩ» አለችኝ። የታችኛው የዓይኑ ቆብ መሃሉ ላይ ሾጠጥ ብሎ ወጥቷል። 17 ዓመት ያየሁት ፊት ነው፣ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

በመሣሪያ ደግማ አየችውና ስሙን ነገረችን፤ ኬራቶኮነስ። ካስረዳችኝ ብዙው አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ኮርኒያ የሚሉት፣ ዓይን ፊት ላይ ያለው መስታወት መሰል ነገር፣ እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት ይሾላል። ብዙ ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል። ማሸት ያባብሰዋል። መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚከዳውም ለዚህ ነው።

ልጄ ይሄ ሁሉ ሲወራ አንገቱን ደፍቷል። ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አደረገችና «አልዋሸህም። ይታየኛል ያልከው ሁሉ እውነት ነው» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አብሽሩ እናቴ፣ አልረፈደም» አለች። ልጄ ያኔ ነው ያለቀሰው። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ለኮርኒያ ስፔሻሊስት ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፈችልን። ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ማንም ያውቅበታል። እሷ ግን የምሳ ሰዓቷን ትታ፣ በራሷ ስልክ ደውላ፣ ቀጠሮ ያዘችልን። የት እንደምንወርድ፣ ምን ይዘን እንደምንሄድ በእጇ ጻፈችልኝ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ልጅ ይዞ የቆመ ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ይገባዋል። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። «ደረሳችሁ?» እሷ ናት!

አዲስ አበባ ክሮስ ሊንኪንግ የሚባለውን ሠሩለት። ቢጫ ጠብታ እያንጠባጠቡ ቆይተው ጨረር ያበሩበታል። ጠብታው ቫይታሚን ቢ2 ነው ብለውኛል። ለአንድ ዓይን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በጣም አመመው፣ መጋረጃ ዘግተን ተቀመጥን። ሕክምናው በሽታው እንዳይገፋ ይይዘዋል እንጂ የጠፋውን እይታ አይመልስም። ይህንን እሷ ገና ቦሩ ሜዳ እያለን ስለነገረችን አልደነገጥንም። ዛሬ ሰሌዳ የሚያነበው በኋላ በተሠራለት ጠንካራ ሌንስ ነው።

ብንዘገይ ኖሮ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እስኪያስፈልገው ሊደርስ ይችል ነበር። ያ ደግሞ የሚገኘው ሰው ከሞተ በኋላ ከሚለግሰው ዓይን ነው። የዓይን ባንክ ባገራችን ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔም ቃል ገብቻለሁ።

ልጃችሁ ዓይኑን አብዝቶ የሚያሽ ከሆነ፣ መነጽሩ በየጊዜው አልሆን የሚለው ከሆነ፣ ነገር ተደራርቦ ይታየኛል ካላችሁ፣ እባካችሁ አትጠብቁ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ከሚሴ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ውሰዱት። «ኬራቶኮነስ ይሆን?» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። ልጃችሁንም እመኑት። እንደ እኔ ስልክ አትቀሙ። አሁንም እላለሁ፣ ሂዱ!

እህቴ፣ ስምሽን ባልጽፈውም እንደምታነቢው አውቃለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የልብሽን ይሙላልሽ። ማክሰኞ ለክትትል እንመጣለን። ባለፈው አልቀበልም ያልሽኝን ማር ይዤ ነው የምመጣው። የሚሰጥሽ ግን ልጁ ነው፣ እሱን እምቢ አትዪውም።