አዋሽ ፓርክ፦ ሳላው፣ አዞውና የተሰረቀው ዳቦ

ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ዋናው የጅቡቲ መንገድ ራሱ መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ለእኔ አንድ ሜዳ በቃኝ፦ ኢላላ ሳላ። ስሙ ላይ ያለው ሳላ፣ ማለትም ቀንደ ረጅሙ የዱር እንስሳ፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጎኑን ሲሰጣችሁ ሁለቱ ቀንዶች ተደርበው አንድ ጦር ይመስላሉ። ቢያንስ አስራ ምናምን ቆጠርን። ከመኪናው እንደ ወረድን ግን አንዱ ዝንጀሮ በመስኮት ገብቶ ድፎ ዳቧችንን ይዞ ሄደ። መስኮት ዝጉ!

ፏፏቴው ጋ ስደርስ ዝናብ ከርሞ ነበርና ውሃው ማኪያቶ መስሏል። ታች ድንጋዩ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሟል። ቀረብ ብዬ ፎቶ ላነሳ ስል ስካውቱ (አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ) ክንዴን ያዘኝ፦ «እህቴ፣ ግንድ አይደለም እሱ።» ግንዱ ዓይኑን ገለጠ። ለስካውት የምትከፍሉትን ብር አትቆጥቡ፣ በቃ።

ያደርንበትን ሎጅ ስም አልጠራም። ጥብሱ ግሩም ነው። ሻወሩ ግን ለስም ብቻ ነው፤ ጄኔሬተሩም ማታ 4 ሰዓት ላይ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ እኛና ቢንቢ ብቻችንን ቀረን። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ።

ፍልውሃው ዘንባባ መሐል ነው፣ ያምራል። በቪትዝ ግን እንዳትሞክሩት፤ እኛ ሞክረን ግማሽ ቀን መኪና ስንገፋ ዋልን።