ልጆች ይዛችሁ ወደ ባላችሁ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ «የእጮኛ ቪዛ ይፈጥናል» ለሚላችሁ ሰው ከመክፈላችሁ በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያና አካባቢው ላላችሁ፣ ባላችሁ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሆኖ እናንተ ደግሞ ከፊተኛው ትዳር የወለዳችኋቸው ልጆች ላሏችሁ እናቶች ነው። እኔ 95 ሺህ ብር ከፍዬ፣ ሰባት ወር ባክኖብኝ፣ ትልቁን ልጄን እዚሁ ጥዬው ልሄድ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። እናንተን እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው።

የልጆቼ አባት በ2009 ወደ አኼራ ሄደ። ሐምሌ 2015 ላይ አሁን ካለው ባለቤቴ ጋር ኒካህ አሰርን። እሱም የወሎ ልጅ ነው፤ ዜግነቱን ከቀየረ ግን ቆይቷል። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ መጣ፣ ቤታችን ውስጥ ሽማግሌዎች ባሉበት ኒካሁ ታሰረ፣ ዱዓ ተደረገልን፣ ተመልሶ ሄደ። በእጃችን የቀረው ሼኹ በእጃቸው የጻፉት፣ ምስክሮች የፈረሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ቀበሌ ሄደን አላስመዘገብንም። ያኔ ትልቁ ልጄ 17 ዓመት ከ9 ወሩ፣ ትንሿ ደግሞ 11 ዓመቷ ነበር። ይህን ዕድሜ ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

መስከረም 2016 ላይ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የቪዛ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው አፉ ማር ነው። «እታለም፣ የሚስት ቪዛ ዓመት ከምናምን ይፈጃል። የእጮኛው ቶሎ ነው፤ ልጆቹም ባንድ ፋይል አብረውሽ ይሄዳሉ» አለኝ። ኒካህ ማሰራችንን አልደበቅኩትም። «ቀበሌ አልተመዘገበም አይደል? እንግዲያው ጋብቻ የለም። ኒካሁን ለማንም እንዳታነሺ» አለኝ። ቅር አለኝ፤ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው ብዬ ግን ዝም አልኩ። 50 ሺውን በዚያው ቀን፣ 45 ሺውን ኅዳር ላይ ከፈልኩ። ደረሰኝ ብለው ማህተም የሌለው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። በሄድኩ ቁጥር «ፋይሉ ገብቷል፣ አብሽሪ» ነው መልሱ።

ጥር ላይ፣ ገብቷል የተባለውን ቅጽ ባለቤቴ እንዲፈርምበት ላኩለት። እሱ ከሥራ ወጥቶ ሲደውል እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጆቹ እንዳይነቁ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፌ፣ እሱ መስመር በመስመር እያነበበ ይተረጉምልኛል። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልኩት። «ነጠላ የሚለው ላይ ነው ምልክት ያደረጉት፤ የኔም ያንቺም» አለኝ። ገጾቹን አገላብጦ ፊርማው ጋ ሲደርስ፣ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ ልጠየቅ የሚል ቃል አገኘ። የሚፈርመው እሱ ነው፤ ቢሮው አይደለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን የሚያስቀምጥበት ክፍልም አለ። እሱ ባዶውን ነበር። 95 ሺህ ብር የተቀበለኝ ሰው በወረቀቱ ላይ የትም የለም።

ነገሩን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የእጮኛ ቪዛ፣ ኬ-1 የሚባለው፣ ገና ላልተጋቡ ሰዎች ብቻ ነው። በእኛ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ጋብቻ ነው። ምዝገባው ማስረጃ ይሰጣችኋል እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ስለዚህ ኒካህ ወይም ቃል ኪዳን አስራችሁ፣ ሽማግሌ ፊት ተጋብታችሁ «እጮኛ ነኝ» ብላችሁ ኤምባሲ ከቀረባችሁ፣ ቆንስሉ ፎቶውን ወይም ምስክሩን ያገኘ ቀን ቪዛው መከልከሉ ትንሹ ጉዳት ነው። ቪዛ ለማግኘት ዋና ጉዳይ ላይ መዋሸት በሕጋቸው የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል። ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ከባድ ነው። ልጆቻችሁም የሚሄዱት በእናንተ በኩል ስለሆነ የእናንተ በር ሲዘጋ የነሱም ይዘጋል።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩት። አልደነገጠም። «ልጅሽ ጥቅምት ላይ 18 ሞልቶታል። ከእንግዲህ በእንጀራ ልጅነት አይሄድም። ከእጮኛ ሌላ መንገድ የለውም፤ ምርጫው ያንቺ ነው» አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። የፎቁን ደረጃ ግድግዳ ይዤ ነው የወረድኩት። ትንሿን ይዤ ትልቁን ለእናቴ ጥዬ መሄድ ማለት መሰለኝ፤ አባቱ የሞተ ልጅ ነው።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት እሱ ባለበት ከተማ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ለአንድ ሰዓት ምክር ከፈለ። መልሱ አንድ ሰዓትም አልፈጀም። በአሜሪካ ሕግ የእንጀራ ልጅ የሚባለው፣ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ነው። የሚቆጠረው ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን እንጂ ማመልከቻው የገባበት ቀን አይደለም። ኒካሁ የታሰረው ሐምሌ 2015 ነው፤ ልጄ ያን ቀን 18 አልሞላውም። ደብቂው የተባልኩት ኒካህ ነው ልጄን የያዘልኝ። «ነጠላ» ብለን ፈርመን ቢሆን ኖሮ ያን ቀን በገዛ እጃችን እንሰርዘው ነበር።

ባለቤቴ እንደገና የአሥር ቀን ፈቃድ ለምኖ፣ ቲኬት ቆርጦ የካቲት ላይ መጣ። ሼኹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁለቱ ምስክሮች ጋር የቀበሌውን የወሳኝ ኩነት ቢሮ ወረፋ አብረውን ጠበቁ። የምስክር ወረቀቱ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ነው የሚጻፈው። እንደ እኔ ዘግይታችሁ የምታስመዘግቡ ከሆነ፣ ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት የተፈጸመበት ቀን በትክክል መጻፉን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንብቡት። የምዝገባው ቀን በስህተት እዚያ ቦታ ቢሰፍር የእኔ ልጅ 18 አልፎታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ የባሰ የተሸፈነ ነው። ብሬን ላስመልስ ሽማግሌ ስልክበት ሰውየው ቃሉን ለወጠ፦ «እሺ፣ በሚስት እናድርገው። ላንቺ አንድ ማመልከቻ ይገባል፣ ልጆች እናታቸውን ይከተላሉ።» ሽማግሌዎቹም ልክ መሰላቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ባልየው ዜጋ ሳይሆን ግሪን ካርድ፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ፣ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች በእናታቸው ማመልከቻ ሥር ተከትለው መሄድ ይችላሉ። ጎረቤቶቻችን የሄዱት እንዲህ ስለሆነ ሁሉም እንዲሁ ይመስለዋል። ባልየው ዜጋ ሲሆን ግን መከተል የሚባል ነገር የለም። ለሚስት አንድ አይ-130 የሚባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅም ለየራሱ አይ-130 መግባት አለበት። ለእናትየው ብቻ ገብቶ ሁለት ዓመት ተጠብቆ፣ ቃለ መጠይቁ ሲደርስ ልጆቹ የሉበትም ማለት ነው። በግሪን ካርድ የጀመራችሁም ተጠንቀቁ፤ ባላችሁ በመካከል ዜግነት ከወሰደ የእናንተ ጉዳይ ሲፈጥን በእናንተ ማመልከቻ ሥር የነበሩት ልጆች ይወድቃሉ፤ ለየራሳቸው አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋቸዋል። ዜግነት ወሰደ ብላችሁ እልል ስትሉ ይህንንም በዚያው ቀን ጠይቁ።

ለየብቻ መግባቱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የዜጋ የእንጀራ ልጅ ማመልከቻው ሲገባ ከ21 በታች ከሆነ ዕድሜው በዚያ ቀን ላይ ይቆምለታል፤ ሂደቱ ቢዘገይና 21 ቢያልፈው አይጎዳም። እስኪሄድ ድረስ ማግባት ግን የለበትም። ለልጄ ይህን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ፤ «የእጮኛ ይረክሳል» ስለሚሉ። በአሜሪካኖቹ ክፍያ ከመጋቢት 23 ቀን 2016 ጀምሮ በወጣው ዋጋ ለእኔና ለሁለት ልጆቼ አሰላነው። በእጮኛ ቢሆን ማመልከቻው 675 ዶላር፣ ቪዛው ለአንድ ሰው 265 ዶላር ነው። እስከዚህ እውነትም ይረክሳል። ደላሎቹም እዚህ ላይ ነው የሚያቆሙት። ከገባችሁ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ተጋብታችሁ ለግሪን ካርድ እንደገና ታመለክታላችሁ፤ እሱ ለአንድ ሰው 1,440 ዶላር ነው፣ ከ14 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጁ ጋር ለሚያመለክት ልጅ 950። ለሦስታችን ጠቅላላው 5,300 ዶላር መጣ። የሥራ ፈቃድ ለብቻው ነው፤ እስኪወጣ ድረስም መሥራት አይቻልም። በሚስትና በልጅ መንገድ ግን ማመልከቻው ኦንላይን ሲሞላ ለአንድ ሰው 625፣ ቪዛው 325፣ የግሪን ካርዱ 235፣ ባልየው እደግፋቸዋለሁ ብሎ የሚፈርመው ሰነድ ማጣሪያ 120 ነው፤ ተደምሮ ለሦስታችን ከ4 ሺህ ዶላር አይዘልም። ስትገቡም ነዋሪ ሆናችሁ ነው የምትገቡት። የሕክምና ምርመራው በሁለቱም አለ። ዋጋው ይቀያየራል፤ በምትልኩበት ቀን ከራሳቸው ገጽ ላይ እዩት። እኛ ራሳችን የተመዘገበውን ወረቀት አስተርጉመን እስክንልክ ሚያዝያ ስለገባ፣ አንዱ ማመልከቻ ከ535 ወደ 625 ዘሎ ጠበቀን። ያ ልዩነትም የዚያ ቢሮ ዕዳ ነው።

«በእጮኛ የባልሽ ገቢ ትንሽ ቢሆንም ያልፋል» የሚሉትም አለ። ቪዛው ላይ የሚጠየቀው አነስ ይላል፤ ግሪን ካርዱ ላይ ግን ያው ትልቁ መለኪያ ይመጣል። ለአራት ቤተሰብ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ 39 ሺህ ዶላር ዓመታዊ ገቢ ነበር።

በእጮኛ የሄደ ሁሉ ተሳሳተ ማለቴ ግን አይደለም። ምንም ዓይነት ጋብቻ ያልፈጸማችሁ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሰውየው ጋር በአካል የተገናኛችሁ፣ ትልቁ ልጃችሁ ደግሞ 18 አልፎት 21 ያልሞላው ከሆነ ልጁን አብራችሁ የምትወስዱበት መንገድ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያላችሁ እዚህ ጋብቻ ብትፈጽሙ ልጁ የእንጀራ ልጅ ሊባል አይችልም። አያችሁ፣ ያው አንድ ቪዛ ለአንዷ መዳኛ ነው፣ ለሌላዋ ገደል። የጋብቻችሁን ቀንና የልጆቻችሁን የልደት ቀን ሳይጠይቅ «ይህ ይሻልሻል» የሚል ሰው ሥራውን አያውቅም። የእኔው ሰውዬ የልጆቼን ዕድሜ የጠየቀኝ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ነው።

«በጉዲፈቻ እናድርገው» ብሎም ሞክሮኛል። ጉዲፈቻው ልጁ 16 ሳይሞላው መፈጸም አለበት፤ ሀገራችንም ለውጭ ዜጋ ጉዲፈቻ መስጠትን ጥር 2010 ላይ በሕግ ከልክላለች። እሱን እዚያው ጣሉት።

ወሎ ውስጥ የዐረብ ሀገር ደላላን ያልቀመሰ ቤት የለም፤ ስለዚህ ለእሱ ነቅተናል። ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠውን ግን እንደ ባለሙያ እናየዋለን። ቅጾቹ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤታቸው ገጽ በነጻ ነው የሚወርዱት። «ፋይሉ ገብቷል» ካላችሁ የደረሰኝ ቁጥሩን ጠይቁ፦ ሦስት ፊደልና አሥር አሃዝ ነው፣ ባላችሁ በስልኩ ራሱ አስገብቶ ያየዋል። ያለ ባላችሁ ፊርማ የሚገባ ማመልከቻ የለም፤ ሳይፈርም ገባ ካላችሁ ውሸት ነው። ቅጹን የሞላላችሁ ሰው አዘጋጅ የሚለው ክፍል ላይ ስሙን እንዲጽፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። የፊተኛ ባላችሁን የሞት ወይም የፍርድ ቤት የፍቺ ወረቀት፣ የእሱንም ፊተኛ ትዳር ፍቺ ከመጀመራችሁ በፊት አሰናዱ።

ከ95 ሺው ውስጥ ሽማግሌዎች 30 ሺውን አስመልሰውልኛል። ሦስቱ ማመልከቻዎቻችን በሦስት የተለያየ ቁጥር ገብተዋል፤ ቁጥሮቹን ቁርኣኔ ውስጥ ባስቀመጥኩት ወረቀት ላይ ጽፌአቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ገብቼ፣ ደረጃው ላይ ከሐይቅ የመጣች አንዲት እህት አገኘሁ። የላስቲክ ፋይል ታቅፋለች። ልጆች እንዳሏት ጠየቅኳት፤ ሦስት፣ ትልቋ ሰኔ 15 ላይ 18 ይሞላታል አለችኝ። የሚያገባት ሰው ዜጋ ነው፣ ተፈላልገው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኒካሁ መቼ ነው ስላት «ቢሮው አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ በእጮኛ ይሻላል ብሎናል፤ ለክረምት ነው ያሰብነው» አለች። እጇን ይዤ ወደ ታች አወረድኳት፤ ቡና ቤት ገብተን ለእጮኛዋ ደወለችለት። ከሰኔ 15 በፊት ፈቃድ ማግኘት ይችል እንደሆን አለቃውን እየጠየቀ ነው።